«በፋክስ ላኩልን» ይሉናል

ኧረ ይህ ፋክስ የሚሉት ነገር መቼ ነው የሚለቀን? አሜሪካ ውስጥ ከኢንሹራንስ ጋር ወረቀት የሚመላለስ፣ የሕክምና መዝገቡን ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ሰው ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ኢሜይል አንቀበልም፣ በፋክስ ላኩልን»። ለምን ሲባሉ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀውን የሂፓን ሕግ ይጠቅሳሉ። ሕጉ እኮ ኢሜይልን አልከለከለም፤ ተገቢው ጥንቃቄ ይደረግ ነው የሚለው። ፋክሱ ምስጢራችንን ኮሪደር ላይ ተፍቶ ለአላፊ አግዳሚው ሲያስነብብ ግን የሚቆጣ የለም። እንግሊዞች እንኳ የመንግሥት ሆስፒታሎቻቸው ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ አዲስ ፋክስ እንዳይገዙ ከልክለዋል።

እሺ፣ እንላክ። በምን? ማሽኑን ከቤት ካወጣነው ቆየን። የቀረን ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ የፋክስ ሞደም ቺፕ ካልተገጠመለት በስልክ መስመር ፋክስ መላክ አይችልም። ድሮ ላፕቶፕ ሁሉ የስልክ ገመድ መሰኪያ ነበረው። አፕል በፈረንጆች 2006 ያወጣቸውን ማክቡኮች ያለ ሞደም ሸጠ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተዉት። አሁን በዩኤስቢ የሚሰካ ሞደም ለብቻ እየገዛን ነው።

ካርቶኑ ላይ 56 ኪሎቢት የሚል ቁጥር በትልቁ ታትሟል። እንዳትደሰቱ። ያ ለኢንተርኔት ነው፤ ለዚያውም ወደ እኛ ለሚመጣው ብቻ። ፋክሱ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ14,400 ቢት አያልፍም። ሁለቱም ወገን አዲሱ ዓይነት ካላቸው 33,600 ይደርሳል፣ ግን ያኛው ወገን መቼም አዲስ ኖሮት አያውቅም። ያ ጆሮ የሚበሳው ጩኸትማ የሰላምታቸው ነው። ደዋዩ በ1100 ኸርዝ ይጮሃል፣ ተቀባዩ በ2100 ይመልሳል፣ ከዚያ «አንተ ምን ትችላለህ» የሚባባሉት በ300 ቢት ነው። በ300! እኛ ቆመን እንጠብቃለን።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የፎቶው ነገር ነው። የፋክስ ገጽ አንድ መስመር 1728 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፣ መሀል ቤት ብሎ ነገር የለም። ቺፑና ሶፍትዌሩ ገጹን የሚያሳንሱት ተከታትሎ የመጣውን ነጭ፣ ተከታትሎ የመጣውን ጥቁር እየቆጠሩ ነው። በታይፕ ለተጻፈ ደብዳቤ ግሩም ዘዴ ነው፤ ባዶው ቦታ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። የፓስፖርት ፎቶ ሲመጣ ግን ነጥቡ ሁሉ ጥቁር ነጭ፣ ጥቁር ነጭ ይሆንና የሚቆጠር ተከታታይ ይጠፋል፤ አንዱ ገጽ ደቂቃዎች ይፈጃል። ያን ሁሉ ጠብቀን የእኛ የጠይሞቹ ፊት በዚያኛው ጫፍ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይወጣል። «ፎቶው አይታይም፣ ድጋሚ ላኩ።»

በካርቶኑ ጎን በደቃቁ የተጻፈውን ማን አንብቦት ያውቃል? እዚያ ነው ጉዱ። የጥንቱ ሞደም የራሱ መቆጣጠሪያና የራሱ ድምፅ ተርጓሚ ፕሮሰሰር ነበረው፤ ሥራውን ራሱ ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋጋ እንዲረክስ ተብሎ ዊንሞደም የሚባለው መጣ። ይኼኛው እንደ ደላላ ነው፤ መስመሩንና ኮምፒውተሩን አገናኝቶ ዞር ይላል፣ ልፋቱ ሁሉ የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በሌላ ሥራ ከተጠመደ ገጹ መሀል ላይ ይቆረጣል። ድራይቨሩ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለነበር የሊኑክስ ሰዎች ያዩትን አበሳ እነሱ ይንገሯችሁ። የዊንዶውስ ተጠቃሚውም ቢሆን አልዳነም፤ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ድራይቨር እያጡ ምንም ያልሆኑ ሞደሞች ስንት መሳቢያ ሞልተዋል!

ድራይቨሩ ተገኘ እንበል። መስመሩስ? ቺፑ የተሠራው ከማዞሪያ ጣቢያ 48 ቮልት ይዞ በመዳብ ሽቦ ለሚመጣ ስልክ ነው። የዛሬው የቤት ስልካችን የሚወጣው ከኢንተርኔት ሳጥን ነው። ሳጥኑ የመደወያውን ድምፅ አስመስሎ ያሰማዋል፣ ቺፑም አምኖ ይደውላል። ድምፁ ጂ 729 በሚባለው ዘዴ ወደ 8 ኪሎቢት ከተጨመቀ ግን አለቀ፤ ያ ለሰው ንግግር የተበጀ ነው፣ የሞደምን ጩኸት ያበላሸዋል። ባይጨመቅም ከድምፁ ትንሽ ቁራጭ መንገድ ላይ ትጠፋለች። የሰው ጆሮ ይቅር ይላል፣ ሞደም አይልም። ለዚሁ ተብሎ ቲ 38 የሚባል ዘዴ ወጥቶለታል፤ የስልክ ድርጅቱ ሠራተኛ ስለ እሱ ሲጠየቅ «ሳጥኑን አጥፍታችሁ አብሩት» ይላል። እኛ የለመድነው መላ ፍጥነቱን ወደ 9600 ዝቅ ማድረግና የስሕተት ማረሚያውን ማጥፋት ነው። አንዳንዴ ይሠራል።

ውለታውን አልክድም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር የጻፈውን አማርኛ ሌላው ሲከፍተው እንቶ ፈንቶ ይሆንበት ነበር። ፋክስ ግን የሚልከው ምስል ስለሆነ የእጅ ጽሕፈቱን ከነማኅተሙ አዲስ አበባ ያደርስ ነበር። በመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤዎች ራስጌ ላይ ዛሬም ከስልኩና ከፖስታ ሣጥኑ ጎን የፋክስ ቁጥር የማይጠፋው ከዚያ ዘመን ተርፎ ይመስለኛል። ደውላችሁ ግን አትሞክሩት።

እንደምንም አለፈ እንበል። ኮምፒውተሩ «ተልኳል» የሚል ማረጋገጫ ይሰጣል። ይህ የሚመሰክረው ያኛው ማሽን ገጹን መቀበሉን ብቻ ነው፤ ቀለም ይኑረው፣ ወረቀት ይኑረው፣ ሰው ያንሳው አያውቅም። በማግስቱ ሲደወል «እኛ ጋ የገባ ነገር የለም» ትላለች ልጅቷ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። የለም፣ ተልኳል፣ ማረጋገጫውም በእጃችን አለ ስንላት፣ «እንግዲያው እሱን ላኩልን» ትላለች። በምን? በፋክስ ነዋ!