ምስጡ ያንተ ነው

ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ። ልጁ በዕድሜው የመጀመሪያውን ቤት ገዝቷል፤ አሮጌ ጭቃ ቤት። ጋሼ የሰፈሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም።

ልጁ፦ ደላላው «ነካ ነካ ማድረግ ነው እንጂ ምንም አይፈልግም» አለኝ።

ጋሼ፦ እውነቱን ነው! መጀመሪያ ጣራውን ትነካለህ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ታስነሳዋለህ። ሲነሳ ወራጁ ይታያል። እንዳታየው! ካየኸው መቀየርህ ነው።

ልጁ፦ ግድግዳውስ?

ጋሼ፦ ግድግዳውማ ደህና ነው፤ ምስጥ ይዞታል እንጂ። ቋሚውን ከሥሩ በልቶ ጨርሷል፤ አሁን ቤቱን ተሸክሞ የቆመው ራሱ ምስጡ ነው። ብታጠፋው ይናድብሃል። አዲስ ቋሚ ስታስገባ እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀባው።

ልጁ፦ በሲሚንቶ ላስለስነው ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ ጎሽ! ግን ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ኩሩ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። የዶሮ ሽቦ ካልመታህበት ክረምቱ ሲወጣ ተገሽልጦ ይወርዳል። ይልቅ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡካና ሳምንት ይሽተት። ሚስትህ ሽታ ትችላለች?

ልጁ፦ አላገባሁም።

ጋሼ፦ እንዲያ ከሆነማ ሁለት ሳምንት ይሽተት። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው አይደል?

ልጁ፦ አዎ። ማታ ማታ ከላይ አይጥ ይሮጣል።

ጋሼ፦ እነሱን አክብር! ከተማው ዝዋይ ሲባል የገቡ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ እንኳ ማንም አልነካቸውም።

ልጁ፦ ቦታው ግን የኔ ነው፣ አይደል?

ጋሼ፦ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 አላነበብክም? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ያንተ ምስጡ ነው።

ልጁ፦ ጉድጓድ ባስቆፍርስ?

ጋሼ፦ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ለግድግዳው የቸገረህን ቀለም ለጥርስህ በነፃ ይቀባልሃል። ቡኒ ብቻ ነው ያለው ግን።

ልጁ፦ ጋሼ፣ ጠቅላላ ስንት ይፈጃል ይላሉ?

ጋሼ፦ ምን ይፈጃል! ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው? አንቺ ልጅ! ቆሮሶ ነው ያዘዝነው፣ አምባዛ አይደለም። አምባዛ ጭቃ ውስጥ የሚውል ዓሣ ነው፤ ጭቃማ የዚህ ልጅ ይበቃናል!