የወፍ ብርዝ አሳላፊነት

ሹመት ከላይ ይወርዳል ይባላል፤ ለእኔ የወረደልኝ ግን ከጎረቤቴ በረንዳ ነው። በሲያትል ከተማ አጥር ለአጥር የምንጎራበት አንዲት ፈረንጅ ባልቴት ቤቷን ሸጣ ወደ ልጆቿ ስትሄድ፣ ድስቱን ለአንዱ፣ ወንበሩን ለሌላው ካደለች በኋላ፣ ለእኔ ደግሞ የሃሚንግበርድ ማጠጫዋን፣ ማለት ከግርጌዋ ቀይ የአበባ አምሳል ያለባትን ብርሌ አስረከበችኝና፣ «አደራህን፣ ብርዱ ሲመጣ በረዶ እንዳትሆን!» ብላ ተሰናበተችኝ። ርስት እንደ ወረሰ ሰው ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ፤ ርስቱ ግን ገባር ያለው ሳይሆን ራሴ የምገብርበት ነበር።

ዘመዶቿ ሁሉ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ ምድር በቀር በሌላው ዓለም የማይገኙት ይህች በእኛ ሰፈር የምትከርም የሃሚንግበርድ ዓይነት፣ ክብደቷ ከአንዲት የአሜሪካ ባለ አምስት ሳንቲም እምብዛም ባይበልጥም፣ ስሟ ከታላላቆች ቤት የወጣ ነው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሌሶን በ1829 እ.ኤ.አ. የሪቮሊ መስፍን ባለቤት በነበሩት በአና ማሴና ስም ሰይሟታል፤ እኚህም እመቤት ኋላ የእቴጌ ኤውዤኒ የእልፍኝ እመቤቶች አለቃ ለመሆን በቅተዋል። እንዲህ ያለ ስም የተሸከመች ወፍ አሳላፊ ቢያስፈልጋት አይፈረድባትም። በዚህ አካባቢ የሚታዩት ሌሎቹ ዘመዶቿ ብርዱን ሸሽተው ወደ ሜክሲኮ ሲወርዱ፣ እርሷ ግን ሰዎች የተከሉላትን የባዕድ አበባና የሰቀሉላትን ማጠጫ ተከትላ ከካሊፎርኒያ ወደ ሰሜን እየገፋች መጥታ፣ ዛሬ በረዶውን እዚሁ ታሳልፈዋለች። ጎረቤታችን የካናዳዋ ቫንኩቨርማ በ2017 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ወፍ አድርጋ ሾማታለች።

የመጠጧ አሠራር አንድ እጅ ነጭ ስኳር በአራት እጅ ውኃ ማሟሟት ብቻ ነው፤ ቀይ ቀለም መጨመር ክልክል ነው። እኔ ግን የማር አገር ሰው በመሆኔ፣ ለእንዲህ ያለች ክብርት እንግዳ ስኳር ማቅረብ ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ስለ ማር ብጠይቅ፣ ነገሩን የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ቃል አወገዙ፤ ምክንያታቸውም ማር በውኃ የተበረዘ እንደ ሆነ ይፈላል፣ ይሻግታል፣ ወፊቱንም ያሳምማታል የሚል ነው። ብርዝ እንደሚፈላ መንገር ለሐበሻ አዲስ ዜና አይደለም፤ ጠጅን ጠጅ ያደረገው ይኸው ነውና። ሆኖም በአንዲት ሰከንድ ክንፏን 40 ጊዜ ያህል የምታራግብ ፍጥረት ሞቅ ብሏት በመስኮቴ ፊት ስትበር ማየት ስላልፈለግሁ፣ በስኳሩ ጸናሁ።

ጭንቁ የሚመጣው ከወደ ሰሜን ያ ደረቅ ብርድ ሲወርድ ነው። ስኳሩ ውኃውን ከመርጋት የሚያዘገየው በጥቂቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ያህል ሲደርስ ብርሌዋ መርጋት ትጀምራለች፤ አንድ ለሦስት አድርገው ቢያወፍሩትም ትርፉ እምብዛም ነው። ወፊቱ ደግሞ የብርዱን ሌሊት የምታሳልፈው እንደ በድን ሆና ነው፤ በበረራ ጊዜ በደቂቃ ከ1000 በላይ የሚመታው ልቧ ወደ 50 ገደማ ይወርዳል፣ ሰውነቷም ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ ተንቀጥቅጣ ነፍስ ከዘራች በኋላ የሌሊት ጾሟን ቶሎ ካልገደፈች ያሰጋታልና፣ ብርሌዋን ማታ ወደ ቤት ማስገባት፣ ጎሕ ሳይቀድ ማውጣት ግድ ሆነ።

ይህም በቤቴ የሃይማኖት ክርክር አስነሣ። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ፣ በጾመ ነቢያት በጨለማ ተነሥተው ውዳሴ ማርያማቸውን ሲደግሙ፣ እኔን በጋቢ ተጀቡኜ ብርሌ ታቅፌ በበረንዳው በር ስወጣ አገኙኝና፣ «ለኪዳን ቢቀሰቅሱት እንቢ ያለ ሰው፣ ለወፍ ሲሆን ያለ ቀስቃሽ ይነሣል!» አሉ። መልስ የሚገኝለት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ከሌሊት አገልግሎት የምገላገልበትን ዘዴ ፈለግሁ። አንዳንዶች ብርሌዋን የሱፍ ካልሲ ያለብሷታል፤ ይህ ለለዘብተኛ ብርድ ነው። ሁነኛው መድኃኒት ከግርጌዋ ያ የጥንቱ ሽቦ ያለው አምፑል ነው፤ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ያባክናል ተብሎ የተወገዘው፣ ለወፍ ሲሆን ጥፋቱ ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። አዲሱ ቆጣቢ አምፑል ብርሃን እንጂ ይህ ነው የሚባል ሙቀት አይሰጥምና፣ ለዚህ ጉዳይ ከጌጥ አያልፍም። እኔ ዘንድ ያለው አሮጌ የገና መብራት ግን ቀላሉን ብርድ እንጂ ጽኑውን አይመክትም፤ ያን ጊዜ ወደ ጋቢዬ እመለሳለሁ።

ይልቁንም ያስቆጣኝ ተጠቃሚው ነው። አናቱና ጉሮሮው እንደ ፍም የሚያበራ አንድ ወንድ ከብርሌዋ አጠገብ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ተሰይሞ፣ ሌላ ወፍ ብቅ ባለ ቁጥር ያሳድዳል፤ እንስቷን እንኳ አይምርም። አማቴ በመስኮት ሲመለከቱት ሰንብተው ስለ ኑሮው ጠየቁኝ። ጎጆውን በሸረሪት ድር እያያያዘች የምትሠራው እርሷ፣ የምትታቀፈው እርሷ፣ ጫጩቶቹንም የምትመግበው እርሷ ብቻዋን መሆኗን፣ ወንዱም በዚህ ሁሉ እጁ እንደሌለበት ነገርኋቸው።

«ታዲያ ይህን ሥራ ፈት ስትቀልብ ነው የከረምኸው?» አሉና፣ እርሱ ከማያይበት ከወጥ ቤቱ በኩል ለእንስቷ ሌላ ብርሌ እንዲሰቀልላት አዘዙ፤ ወፍ አዋቂዎቹም የሚመክሩት ይህንኑ ስለ ሆነ ይግባኝ አልነበረኝም። የእርሷን ለጸሎት ሲነሡ ራሳቸው ያወጡላታል፤ የባላባቱ በእኔ ላይ ቀርቷል።