የወይፈኖቹ ድርሻ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከጉና ተራራ ወዲህ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ በሚወስደው ተዳፋት ላይ አንድ የጋራ መስክ ነበር። አያ በሬ፣ እመት ፍየል፣ እትዬ በግና እማማ በቅሎ አብረው ይግጡበት ነበር። በደጉ ዘመን ሰርዶውና ማገጡ ጉልበት ይደርስ ነበር አሉ። እየዋለ እያደረ ግን ከሣሩ ድንጋዩ በለጠ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ጉማራ ወንዝ ይከታል፤ ጉማራም ፎገራን አቋርጦ ጣና ያስገባዋል። በጋ ሲሆን ምንጩ ይነጥፋል። ወይፈኖቹም ከእናታቸው ጋር መራብ ቢሰለቻቸው ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወረዱ።

ሽማግሎቹ ሸንጎ ተቀመጡ። አያ በሬ ተነሥቶ፣ "መስኩ ይከለል" አለ።

"እስከ መቼ?" አለች እመት ፍየል።

"እስኪያገግም።"

"ማገገሙን ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ" አለ አያ በሬ፤ ነገሩ በዚህ ተቋጨ። አያ ጅቦ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙ በክልሉ ውስጥ ያገኘው ሁሉ ነው።

ሕግ ሲጣስ ብቻ የሚጠግብ ጠባቂ ሕግ እንዲከበር ምን ያደርግለታል? የመክፈቻው ቀን ስላልታወቀ ሁሉም "ሌላው ሳይቀድመኝ" እያለ ሌሊት ሌሊት ይገባ ጀመር። አያ በሬም ገባ፤ አያ ጅቦ ቀንዱን አይቶ ፊቱን አዞረ። የእመት ፍየል ግልገል የገባች ሌሊት ግን አልተመለሰችም።

ጠዋት ፍየሏ አላለቀሰችም። ሸንጎ ይጠራልኝ አለች።

በዚህ ሸንጎ እማማ በቅሎ ተናገረች። በጉብዝናዋ ጨው ጭና መንዝ ድረስ ሄዳለች። "ጓሳ የሚባል መስክ አለ" አለች። "ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሦስት ዓመትም፣ አምስት ዓመትም ይዘጋ ነበር። አለቆቹን ባለመብቱ ራሱ ይመርጣቸው ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ቀን ተቆርጦ ይከፈት ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ይታጨድ ነበር። ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ መልሶ ይዘጋ ነበር።"

"መብቱስ የማን ነበር?" አለች ፍየሏ።

"የአስቦና የጌራ ዘር ለሆነ።"

"የእኛ በዘር አይሆንም። ቀኑን ግን እንውሰድ።"

እውነትም በዘር የቆመው ሥርዓት በ1967 ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ መስኩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ አዲስ ኮሚቴ መርጦ ነው መልሶ የያዘው።

ምን እንደተረፈ እንድታይ ሸንጎው በአቅራቢያው ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ደን የላካት ጦጢትም ተመለሰች። "ጥዱም፣ ወይራውም፣ ዝግባውም አለ" አለች። "ግን ሁሉም ሽማግሌ ነው። ከሥራቸው ብፈልግ ብፈልግ ችግኝ አጣሁ።"

"ምን በላው?"

"እናንተ ናችኋ! ለጥላው ትገቡና ብቅ ያለውን ሁሉ ትለቅማላችሁ። ካህናቱ ዙሪያውን የድንጋይ አጥር ያጠሩበት ዘንድ ግን የሕፃን ጣት የሚያህል ወይራ ቅጠል አውጥቶ አይቻለሁ።"

የጦጢትን ወሬ ተረት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል፤ ከብት የሚገባበት ደን ተተኪ እንደማያሳድግም አሳይተዋል።

ሸንጎው ዝም አለ። አያ በሬ ወደ ቆላ የወረደውን ልጁን እያሰበ ነበር።

አያ ጅቦ ተሰናበተ። ጥበቃው በየተራ ሆነ፤ ለአያ በሬም ተራ ደረሰው። የመክፈቻው ቀን ተቆረጠ፦ ሦስት ክረምት አልፎ፣ በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ። የምታጠባ ቀድማ ትገባለች፤ ቁጥቋጦው ለፍየል ይተዋል፤ ወደ ቆላ ለወረዱትም ድርሻ ይቀመጣል። እስከዚያው ሁሉም በየደጁ ታስሮ ከድንበርና ከእርከን ላይ የታጨደ ይበላል።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። እትዬ በግ ጡቷ ደረቀ። አያ በሬ ከቀንበር ወጥቶ ደረቅ የማሽላ አገዳ ሲያኝክ ያድር ነበር፤ ከአጥር ወዲያ ደግሞ ሣሩ ይሸተዋል። ፍየሏ በተራዋ ሌሊት ግልገሏ በቀረችበት ቦታ ቆማ ታነጋለች። በሁለተኛው ክረምት ጎርፉ ጠራ። በሦስተኛው ምንጩ እስከ ጥር ወረደ፤ ጓሳ የሚባለው ሣር አቆጠቆጠ፤ ማንም ያልተከለው ኮሶ ከገደሉ ሥር በቀለ።

ቀኑ ሲቃረብ አያ በሬ፣ "አንድ ዓመት ብንጨምርስ? ጭድ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ተወዷል፤ ሣሩ ገና ያድጋል" አለ። ያለው ሐሰት አልነበረም።

"ያድጋል" አለች እመት ፍየል። "ቃላችን ግን ከታጠፈ ሌሊቱ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ሌላ ግልገል የለኝም።"

ቅዳሜ ማለዳ መስኩ ተከፈተ። የምታጠባዋ ገባች፣ አሮጊቷ በቅሎ ተከተለች፤ አያ በሬ ሰልፍ ይዞ ቆመ። ፀሐይ ሞቅ ሲል በሽታ ያከሳው አንድ ወይፈን ከቆላው መንገድ ብቅ አለ፤ አባቱን እንኳ ሳይስም፣ "ለእኔስ የተረፈ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"ከምንጩ በላይ ያለው ጥግ ያንተ ነው፤ ማንም አልነካውም" አለችው እትዬ በግ። "ብላና ተኛ። የማክሰኞ ሌሊት ጥበቃ ተራው ያንተ ነው።"