ውዳሴ ግምት

በአዲስ አበባ ጋራዦች የሰፈነው የጥገና ስልት እስካሁን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ስልቱ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ብልሽቱ የት እንዳለ ሳይለካና ሳይመረመር የተጠረጠረውን ዕቃ ነቅሎ በሌላ መተካት፣ መኪናው ካልተስተካከለ ቀጥሎ የተጠረጠረውን መንቀል፣ በዚህም ሁኔታ መኪናው እስኪድን ወይም የባለቤቱ ገንዘብ እስኪያልቅ ድረስ መቀጠል ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ካንዴላ ይለወጣል፤ ካንዴላው ካልረዳ ቦቢና፣ ቦቢናው ካልረዳ ኢንጄክተር፣ ኢንጄክተሩ ካልረዳ የቤንዚን ፖምፓ ይለወጣል፤ በመጨረሻም «ሞተሩ ራሱ ደክሟል» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ስልቱን የሚነቅፉ ሰዎች አልጠፉም። ነቃፊዎቹ ያላስተዋሉት ግን መለካት መሣሪያ፣ ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅ አድካሚ ሥራ ሲሆን፣ ግምት ኮፈን ሳይከፈት፣ ሲያስፈልግም በስልክ፣ ያውም በሙሉ ልብ ሊሰጥ የሚችል አገልግሎት መሆኑን ነው።

ስልቱ ኋላ ቀር ነው እንዳይባል ዘመናዊ መሣሪያም ተጨምሮበታል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች አንድ ዓይነት የብልሽት መለያ ቁጥር እንዲያወጡ በሕግ በመገደዳቸውና ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ደንብ በመከተላቸው፣ ዛሬ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ትንሽ ማንበቢያ ሰክቶ የሞተሩን ኮምፒውተር መጠየቅ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ለምሳሌ «ፒ0171» ብሎ ቢመልስ፣ ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለቱ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለታየው ምልክት እንጂ ስለ ጥፋተኛው ዕቃ አይደለም፤ ያንኑ ምልክት የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ ፖምፓ፣ የተደፈነ የቤንዚን ፊልትሮ ወይም የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሊያመጣው ይችላልና። በብዙ ጋራዦች ዘንድ ግን ማንበቢያው እንደ ዐውደ ነገሥት ያገለግላል፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ አንባቢው ፊቱን አኮሳትሮ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፣ ከዚያም የሚታዘዘው ገብስማ ዶሮ መሆኑ ቀርቶ የኦክስጅን ሴንሰር ይሆናል።

የኦክስጅን ሴንሰር በጭስ መውጫው ላይ ተተክሎ፣ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ ትንሽ ዕቃ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ አየር መብዛቱን ዐይቶ ተናገረ፣ በመናገሩም ተነቀለ። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከአየር ፊልትሮው እስከ ሞተሩ መግቢያ በተዘረጋው ጥቁር የጎማ ቱቦ ላይ፣ በሁለት እጥፋቶች መካከል፣ አንዲት ስንጥቅ ተሸሽጋለች። መኪናው ቆሞ ሳለ የስንጥቋ ከንፈሮች ይገጥማሉ፤ ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥና ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ዘንበል ሲል ይከፈቱና መለኪያው ያላየውን አየር ያስገባሉ። ይህን ለማግኘት ቱቦውን በእጅ ሳብ አድርጎ እጥፋቱን በባትሪ ማየት፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ በጥንቃቄ ማጽጃ ስፕሬይ ነፋ አድርጎ የድምፁን መለወጥ ማዳመጥ ይበቃል። ዘዴው ግን አንድም ዕቃ የማያሸጥ በመሆኑ ለሙያው እድገት አይመከርም።

ግምት ብልሽት አጥቶ ሥራ እንዳይፈታም ራሱ ብልሽት ያመርታል። ቴርሞስታት ማለት የሞተሩ ውሃ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፍ እስኪል ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ ትንሽ በር ሲሆን፣ መኪና በጋለ ቁጥር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ስለሆነ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ተብሎ አውልቆ መጣሉ የተለመደ ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር በአዲስ አበባ ብርዳማ ማለዳ እስኪሞቅ ረጅም መንገድ ይፈጅበታል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ስለሚያነብ ቤንዚን ጨምሮ ይረጫል። ባለቤቱ ከጊዜ በኋላ «ነዳጅ መብላት አበዛች» ብሎ ወደዚያው ጋራዥ ሲመለስ፣ መፍትሔው ከጓሮው ቁርጥራጭ ብረት መካከል ወድቆ ሳለ፣ ኢንጄክተር ይታጠብለታል፣ ካንዴላ ይለወጥለታል፣ ለሁለቱም ይከፍላል፣ አመስግኖም ይሄዳል።

ከስልቱ ትሩፋቶች ሁሉ የሚልቀው ግን ማኅበራዊው ነው። ያለ ጥፋቱ የተነቀለው ሴንሰር ባለቤቱ ስለማይጠይቀው፣ ቢጠይቅም «ተጥሏል» ስለሚባል፣ በጨርቅ ተወልውሎ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያም ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሊጓዝ ይችላል፤ እዚያም «የተፈታ ኦሪጅናል» የሚል ማዕረግ ተቀብሎ ከአዲሱ ቅጂ በላይ ይከበራል። የሚገዛው ደግሞ የራሱ ጤነኛ ሴንሰር በግምት የተነቀለበት ሌላ የቶዮታ ቪትዝ ባለቤት ነው፤ የዚያም ሴንሰር በተራው ተወልውሎ ሦስተኛውን ሰው ይጠብቃል። በዚህ አካሄድ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉ እያንዳንዱ ጤነኛ ዕቃ የከተማዋን መኪኖች ሁሉ ያዳርሳል። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የመኪና ዕቃን ሳይጠቅስ አልፎ ነበር፤ ያን የተረሳ ሥራ ያለ አዋጅ፣ ያለ ሰልፍና ያለ ቀበሌ ስብሰባ በማከናወን ላይ የሚገኙት ጋራዦች ናቸው።

የዚህ ለውጥ ሕጋዊ መዘዝ ገና አልተጠናም። ሊብሬ፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ በሻንሲና በሞተር ቁጥር ስለሚመራ በመኪኖች መካከል የተፈጠረውን ዝምድና አያሳይም፤ ስለዚህ የዘር ሐረጋቸውን የሚመዘግብ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ግድ ይላል። የሲኤምሲው ቪትዝ ዲናሞ ቀድሞ የሳሪሱ ያሪስ እንደነበረ፣ የሳሪሱ ያሪስ ሞተሪኖም ከአየር ጤናው ቪትዝ እንደመጣ በመዝገብ ከተረጋገጠ፣ መገናኛ ላይ የተጋጩ ሁለት መኪኖች ጉዳይ ከትራፊክ ፖሊስ ሥልጣን ወጥቶ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌ ይቀርባል፤ ኢንሹራንስም ወንድም በወንድሙ ላይ ላደረሰው ጉዳት የሦስተኛ ወገን ካሳ አይከፍልም፤ ሁሉም አንድ ወገን ሆኗልና። በሰርግ ቀንም የሙሽራው አጃቢ መኪኖች ከሙሽሪት ወገን መኪኖች ጋር ከመሰለፋቸው በፊት ሽማግሌዎች ኮፈን አስከፍተው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አምስተኛው ቤት ላይ አንድ የጋራ ፖምፓ ከተገኘ ሰርገኛው በእግሩ ይሄዳል፣ ክራሩና ከበሮውም በትከሻ ይከተላሉ። መኪና ሰርቆ የተያዘ ሰው ችሎት ፊት ቀርቦ የተሰረቀው መኪና ቦቢና፣ ራዲያተርና የፊት አሞርቲዛተር ቀድሞ ከራሱ መኪና የተነቀሉ መሆናቸውን ካስረዳ፣ ድርጊቱ ስርቆት ሳይሆን የተበተነ ቤተሰብን ማሰባሰብ ተብሎ በነጻ ሊሰናበት ይገባዋል፤ እንዲያውም ዐቃቤ ሕጉ የሚነዳው መኪና ውስጥ የቀረው ኢንጄክተሩ እንዲመለስለት ይታዘዝለታል።

ጤነኛ ዕቃ ከሰው መኪና ላይ ነቅሎ ለሌላ ሰው መሸጥ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ግምት ከጋራዥ ውጭም ለዕውቀት ያበረከተው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም። በየካፌው በማኪያቶ ዙሪያ የሚካሄደው የመኪኖች ወጪ ንጽጽር ማስረጃውን የሚያገኘው ከዚሁ ምንጭ ነው። የንጽጽሩ መደምደሚያ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቶዮታ ወጪ አይወድም፣ የአውሮፓ መኪና ግን ባለቤቱን ያራቁታል። የቶዮታ መለዋወጫ በየቦታው መገኘቱና ብዙ መካኒኮች ሞተሩን ማወቃቸው እውነተኛ ብልጫ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ሰዎች የጥገና ወጪያቸውን ሲያወዳድሩ የሚያወዳድሩት መኪኖቹን ብቻ አይደለም። ቪትዝ ላይ በስህተት የተለወጠ ሴንሰር ሶማሌ ተራ ደርሶ በመመለስ ያልቃል፤ ፔዦ ወይም ፎልክስዋገን ላይ በስህተት የተለወጠው ያው ሴንሰር ከውጭ ታዝዞ፣ ሳምንታት ተጠብቆ፣ በውድ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። ስንጥቁ ግን በሁለቱም ቱቦ ላይ አንድ ነው። እንግዲህ የአንዱ መኪና ወጪ ከሌላው በዛ የተባለው፣ በከፊል፣ የአንዱ ስህተት ከሌላው ስህተት ስለተወደደ ነው፤ ስህተቱ የመካኒኩ ሆኖ ሳለ ዕዳው በኩባንያው ስም ይመዘገባል። ጃፓንና ጀርመን ያሉ መሐንዲሶች ስማቸው በአዲስ አበባ በምን ሚዛን እንደሚመዘን ቢሰሙ ሥራቸውን ይለቁ ነበር።

የነዳጅ ንጽጽሩም ከዚህ አይተናነስም። የአንድን መኪና ፍጆታ ለማወቅ ታንኩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ ከተነዳ በኋላ ዳግመኛ ሞልቶ የተጨመረውን ሊትር ለተሄደው ርቀት ማካፈል ይበቃል። በካፌው ስልት ግን መለኪያው ሊትር ሳይሆን ብር ነው፤ «በ1,000 ብር ስንት ቀን ትሄዳለች?» ተብሎ ይጠየቃል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ከ50 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ በዚህ ሚዛን የከተማዋ መኪኖች ሁሉ በአንድነት ታመዋል፤ ጋራዦችም በደስታ ተቀብለዋቸዋል። ከዚህ ላይ የከተማዋ ከፍታ ይታከላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ወርዶ አዳማ የደረሰ ሹፌር መኪናው ሲበረታ የሚያመሰግነው ባለፈው ሳምንት ካንዴላ የለወጠለትን መካኒክ ነው። የሽያጭ ዋጋ ሲነሳ ደግሞ ሒሳቡ ጨርሶ ይቆማል፤ በሌላ አገር አዲስ መኪና የገዛ ሰው ትልቁ ወጪው በእርጅና ምክንያት የሚቀንሰው ዋጋ ሲሆን፣ እዚህ ግን የብር መርከስ አሮጌውን መኪና ስላስወደደው ባለቤቱ ያተረፈ መስሎት ወጪውን ከነጭራሹ አይጽፍም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል የግምት ወዳጆች ሥጋት ገብቷቸው ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት፣ የጭስ ማውጫም የለውምና። ሥጋቱ ከንቱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪው ሌላ፣ በሮቹንና ኮምፒውተሩን የምታነቃ ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለችው፤ እሷ ስትደክም መኪናው ሙሉ በሙሉ ጸጥ ይላል፣ ያን ጊዜም «ዋናው ባትሪ አልቋል» የሚል ግምት መሰንዘር ይቻላል። ሙያው የዋጋውን እርከን ከፍ አደረገ እንጂ አልጠፋም።

ከተማዋ ለክተው የሚሠሩ መካኒኮች የሏትም ማለት ሐሰት ይሆናል። አሉ፤ የሚያከስራቸውም ደንበኛው ነው። አንድ ባለሙያ ቱቦውን ጎትቶ ስንጥቁን በጥቂት ደቂቃ አግኝቶ የሙያውን ዋጋ ሲጠይቅ «ምን ሠራህና?» ይባላል፤ ሦስት ጤነኛ ዕቃ ለውጦ፣ መኪናውን ሁለት ቀን አሳድሮ፣ እጁን በዘይት ያጠቆረው ግን ታታሪ ተብሎ ሻይም ይጋበዛል። ለዕቃ እንጂ ለምርመራ መክፈል የማይፈልግ ባለቤት ግምትን የሚያሳድገው እሱ ራሱ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ማልቀሱ አይገባውም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መካኒኩ ከመንቀሉ በፊት ምን እንደለካና ምን ቁጥር እንዳገኘ ይናገር፤ የወለቀው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ብልሽቱን ያልፈታ ዕቃ ዋጋው አይከፈል። መኪና ከመኪና ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው ደግሞ በወጪ ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ያስምር፤ በአንደኛው መኪናው በእውነት የፈለገውን፣ በሁለተኛው በግምት የተለወጠውን ይጻፍ። ሁለተኛው ዓምድ ከአንደኛው የበለጠበት ባለቤት መለወጥ ያለበት መኪናውን አይደለም።