ሙቀቱ ነው

በሚሌ ከተማ ለዘገየ ነገር፣ ለጠፋ ነገር፣ ይልቁንም ለሆመጠጠ ጠላ የሚሰጥ አንድ መልስ አለ፤ እርሱም «ሙቀቱ ነው» የሚል ነው። አናጢው በቀጠሮው ስለምን እንዳልመጣ የጠየቀ፣ ማመልከቻው በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ተኛ የመረመረ፣ ሾፌሩ ከምሳ በኋላ ስለምን እንዳልተነሣ ያጉረመረመ ሰው ሁሉ ይህንኑ ቃል ተቀብሎ ይመለሳል፤ ተከሳሹ ሙቀትም አንድ ቀን እንኳ ጠበቃ ሳያቆም፣ ይግባኝም ሳይል፣ ሲፈረድበት ይኖራል። በሌለበት ተፈረደበት እንዳልል መቼም ከችሎቱ ቀርቶ አያውቅም። ሌላውን ሁሉ በትዕግሥት አልፌዋለሁ፤ የጠላው ነገር ግን ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

ሙቀቱን የምክድ ሰው አይደለሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ከአዋሽ ከሚመጣው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በሰኔ ወር በጥላ ሥር የተሰቀለ ቴርሞሜትር 40 ዲግሪን ቢያልፍ ማንም አይደነቅም፤ በጉምሩክ ኬላው ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮችም ከመኪናቸው ሆድ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው የሚጋደሙት ለመዝናናት አይደለም።

አንባቢ መቼም በእናቱ ጓዳ ያደገ ነውና ሥርዓተ ጥንስሱን ያውቀዋል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ይታጠባል፤ ቀጥሎም ወይራ ይጨስና አፉን ደፍቶ ጭሱን እስኪጠግብ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር በውኃ ይጠነሰሳል፤ ቂጣው ተጋግሮ ይቆራረስበታል፤ ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ፣ አሻሮው ተፈጭቶና ታሽቶ በምጣድ ላይ እንኩሮ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ድፍድፍ ሆኖ ከሰነበተ በኋላ ውኃው ይሞላና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ከዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ የእኔ ዐይን የሚያርፈው በመጨረሻው ላይ፣ በምርጊቱ ላይ ነው። ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ረቂቃን ተሐዋስያን አየር ካላገኙ ሥራቸውን መሥራት አይችሉምና፣ አጉሊ መነጽር አይተው የማያውቁት አያቶቻችን የጋኑን አፍ ሲመርጉ የጠላታቸውን አንገት ማነቃቸው ነበር።

በሚሌ ግን ጋን ብርቅ ነው፤ ከደጋ ሲወርድ በመንገድ ይሰነጠቃል ይባላል። በእርሱ ፈንታ የምግብ ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን ተሹሟል፤ ይህንም ወይራ እናጥንህ ቢሉት ይቀልጣል። በአንድ ጎረቤቴ ጓዳ ያየሁት ጀሪካን ክዳኑ ከጠፋ የቆየ፣ አፉ በጥቁር ፌስታል የተወተፈ፣ ፌስታሉ በክር የታሰረ፣ ክሩም የላላ ነበር፤ በላላውም በኩል ትንንሽ ዝንቦች እንደ ኬላው መኪኖች ተራ ይዘው፣ ግን ያለ አንዳች ፍተሻ፣ ይገቡ ነበር። ጠላው ሲሆመጥጥ ምን እንደ ተባለ አንባቢ ራሱ ይሙላው።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ስል እስከ ባሕር ማዶ ሄጃለሁ፤ በመጽሐፍ ማለቴ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር፣ ሀገሩ በጀርመን ድል በተነሣች ማግሥት፣ በጦር ያልሆነላት በቢራ እንኳ እንድትበቀል ብሎ የቢራን መበላሸት መረመረ፤ በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመውም መጽሐፍ ጥፋቱን ያገኘው በጠመቃው ውስጥ ሠርገው በገቡ ባዕዳን ተሐዋስያን ላይ ነው። ጀርመኖቹም በበኩላቸው እርሾአቸው ብርድ ወዳድ ስለ ሆነ ካርል ፎን ሊንደ የተባለውን መሐንዲስ የማቀዝቀዣ መኪና አሠርተው መጥመቂያቸውን አበረዱ እንጂ በበጋው ላይ ሲያላዝኑ አልኖሩም። ከሁሉ የሚገርሙት ደግሞ ኖርዌዮች ናቸው፤ በበረዶ መካከል እየኖሩ ክቫይክ የሚሉት የገበሬ እርሾ አላቸው፤ በእንጨት ቀለበት ላይ እያደረቁ ለልጅ ልጅ ያወረሱት፣ ወደ 40 ዲግሪ በተጠጋ ሙቀት ውስጥ ደስ ብሎት የሚሠራ። እግዚአብሔር እርሾውን ለእነርሱ፣ አየሩን ለእኛ የሰጠበትን ምሥጢር እርሱ ያውቃል።

ለመሆኑ ኖርዌይ ድረስ ምን አደከመኝ? በዚሁ በአፋር ምድር ከዘንባባ የሚቀዳ መጠጥ አለ፤ ያለ ጌሾ፣ ያለ ብቅል፣ በዚሁ ሐሩር ራሱን በራሱ አፍልቶ ይጠጣል። አርብቶ አደሩም የግመል ወተቱን በጭስ በታጠነ ዕቃ ይዞ ሲሄድ ሰማዩን ሲወቅስ አልሰማሁም። ድንቅነሽስ ብትሆን? ከዚህ ብዙ በማይርቀው በሐዳር 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል በዚህ ምድር ተኝታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስትገኝ ዓለምን ያስደነቀ አጽም ነበራት፤ የእኛ ጠላ ግን ከዓርብ እስከ ሰኞ መድረስ አቃተው።

ይህንም ሁሉ ባሳለፍሁ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን በደጁ ጣሳ በእንጨት ላይ ከተደፋበት አንድ ቤት ገብቼ የቀረበልኝ ብርጭቆ በወዲያ በኩል የተቀመጠውን ሰው እስከ ሸሚዙ ቁልፍ ድረስ ያሳይ ነበር።

«እትዬ፣ ይህ ጠላ ቀጠነብኝሳ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ሙቀቱ እኮ ነው!»

ሙቀት ያፈላል፣ እሺ፤ ሙቀት ያሆመጥጣል፣ ይሁን፤ ሙቀት ግን ባልዲ ተሸክሞ፣ ጓዳ ገብቶ፣ ጀሪካን ከፍቶ ውኃ አይጨምርም! ቅራሪ ከሆነ ቅራሪ ተብሎ በቅራሪ ዋጋ ይሸጥ፤ ቅራሪም የራሱ ጠጪና የራሱ ማዕርግ አለው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያወርድ የዋለ ምስኪን በላቡ ያገኘውን ብር ከፍሎ ውኃ መግዛቱ ሳያንሰው፣ የዘረፈችህ ፀሐይ ናት የሚባለው በምን ኃጢአቱ ነው? ይህ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም ያወጣለት ሰው ካለ ልስማው።

ይህን ጮኽ ብዬ የተናገርሁ ይመስለኛል፤ ሴትዮዋ ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር፣ ለራሷ ካስቀመጠቻት ከአንዲት ትንሽ እንስራ ቀድታ መጣች። «እስቲ ይህን ይቅመሱ» አለችኝ። ጠቆር ያለ፣ ወይራው ከአፍንጫ የሚቀድም፣ ጌሾው ምላስ ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ የሚሰናበት ጠላ ነበር። እንስራዋ የነበረችው በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሙቀት ውስጥ ነው፤ ይህን ልናገር አፌን ስከፍት በዚያው ሁለተኛውን ጠጣሁበት።

ጌሾው ከየት ነው ብል ከባቲ የሰኞ ገበያ ነው አለችኝ። በዚህ ጊዜ አጠገቤ የነበረው የወሎ ሾፌር ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ነው፤ ይህ ግን እንጨት ተቀላቅሎበታል ብሎ ተነሣ። እርሷም ቅጠል ብቻ ነው ብላ በአባቷ ማለች፤ እርሱ ደግሞ እናቱ ከሁለቱም ትጨምር እንደ ነበር አስታውሶ የራሱን ክርክር አፈረሰ፤ አንድ ሦስተኛ ሰው ከወደ ጥግ ልዩነቱ ከአወቃቀጡ ነው አለ፤ ማንም አልመለሰለትም። ሾፌሩ ተራህ ደረሰ ተብሎ ወደ ኬላው ተጠራ። የእርሱንም የእኔንም ሒሳብ እኔ ከፈልሁ፤ ያችም የቀጠነችው ብርጭቆ በሙሉ ዋጋዋ ታስባ ነበር።