ተኝቶ ነጋዴ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ወገናችን ሁሉ ዘንድሮ «ፍራንቻይዝ ልገዛ ነው» ይላል፤ በኩባንያ ስም ሱቅ ሊከፍት። ሥራው በሳምንት አምስት ሰዓት ብቻ! ቀሪው የማናጀሩ ነው፤ ባለቤቱ ገንዘቡ ሲገባ ስልኩ ላይ ያያል። ሻጩ ነው የነገረው፤ ሻጭ ደግሞ መቼ ዋሽቶ ያውቃል?

የአሜሪካ ሕግ ግን ምቀኛ ነው። ከመፈረምህም ሆነ ከመክፈልህ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ 23 ክፍል ያለው ሰነድ ይሰጥህ ይላል። ክፍል 15 ባለቤቱ ራሱ ሱቁ ውስጥ መዋል ይኖርበት እንደሆነ ይናገራል። ክፍል 20 ባለፈው በጀት ዓመት ጥለው የወጡትን ባለሱቆች ከነስልካቸው ይዘረዝራል። ታዲያ ማን ይደውላል? ሚዜ ለመምረጥ ዘመድ አዝማዱን የሚያማክር ሰው፣ ቤቱን የሚያስይዝበትን ጉዳይ ከብሮሹር ሥዕል ያጣራል። ክፍል 19 ላይ ኩባንያው «ስለ ገቢ ምንም አልልም» ማለት ይችላል፤ ጨዋ ሰው ስለ ገንዘብ አያወራማ! በስሙ ለመነገድ የምትከፍለውን ሮያሊቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው፤ ሱቁ ቢከስርም ድርሻው አይቀርበትም።

ማናጀሩ ሳይናገር የቀረ ዕለት ደግሞ አምስቱ ሰዓት በአንድ ጠዋት ያልቃል። ባለሀብታችን መጥረጊያውን ይዞ ለደንበኛው «ባለቤቱ የለም» ይላል።