ከሱባኤ መልስ

ደብረ ሊባኖስ ላይ ጥሩ ሰው መሆን ማንንም አያቅተውም። እንዲያውም ክፉ ልሁን ብትል የሚመችህ ነገር የለም። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ገዳሙን ሲያለብሰው ከፊትህ የሚሄደው ሰው አይታይህም፤ ያላየኸውን ሰው ደግሞ ማማት ይከብዳል። ሆድህም ባዶ ነው። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያንተ ጉልበት ደግሞ ትናንት ማታ በቃምካት አንድ ጭብጥ ቆሎ ላይ ነው የቆመው።

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። እንደ ዐቢይ ጾም 55 ቀን አይረዝምም፤ ልጅ አዋቂው ወዶት የሚጾመው ጾም ነው። የዓመት ፈቃዱን ቆጥቦ ለዚህ ሰሞን የሚያቆይ የመንግሥት ሠራተኛ ስንት አለ! ሌሊት ለሰዓታት ትነሣለህ፤ ንጋት ላይ ኪዳን ታደርሳለህ፤ ቀጥሎ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ትሰማለህ፤ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከዚያ ወጥተህ በሶህን በጥብጠህ አረፍ ስትል መሽቷል። ቀኑ ተሰፍሮ ተሰጥቶሃል፤ አንተ የምትወስነው ነገር የለም። አጠገብህ የተኙት አዛውንት ሲያስሉ ትነቃለህ፣ ደወል ሲደወል ትነሣለህ፣ ሰው ሲሰግድ ትሰግዳለህ። ይህ ሁሉ ተደርጎልህ ስታበቃ «እኔኮ ተለወጥኩ» ትላለህ።

ቦታውም ያስፈራል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። ጻድቁ ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተቆርጦ ቢወድቅ በቀረችው ቆመው ሰባት ዓመት እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ታዲያ ይህን ሰምቶ ወደ ዋሻው ጸበል በሚወስደው ዳገት ላይ «ወይኔ ጉልበቴ» የሚል ማን ነው? እኔም ጉልበቴን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ፤ ወረድኩ።

ልሰናበት ስል አንድ አባት የእንግዳ ማደሪያውን ሲያስጠርጉ አገኘኋቸውና መስቀል ተሳልሜ፣ «አባቴ፣ ይህን ሕይወት ቤቴ ስገባ እንዴት አድርጌ ልያዘው?» አልኳቸው። ለልጅ ልጅ የማወርሰው ቃል ጠብቄ ነበር። «አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ፣ ቶሎ ሂድ ልጄ» አሉኝና ወደ መጥረጊያው ዞሩ።

አውቶቡሱስ አላመለጠኝም። ደብረ ጽጌን፣ ሙከጡሪን፣ ጫንጮን፣ ሱሉልታን ስናልፍ ልቤ እንደተረጋጋ ነበር። አዲሱ ገበያ ወርጄ ሚኒባስ ስሳፈር ግን ረዳቱ ግማሽ መንገድ ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» አለና የሙሉ መንገድ ሒሳብ ተቀበለኝ። ውስጤ ፈላ። ገዳም ውስጥ «ይቅር ይበለን» ማለት ለምዶብኝ ነበርና ያንኑ ብዬው ወረድኩ። «ፋዘር፣ ለኛም ጸልዩልን» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ እንኳን አልተመለስኩበትም፤ ይህችን አንዲት ድል ዛሬም ድረስ እጠቅሳታለሁ።

ደግሞ ለውጥን ቤት ድረስ ይዞ የመዝለቅ ጣጣ የሱባኤ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደህና ኪስ ያለው ወዳጄ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ከርሞ፣ ታሽቶ፣ በእንፋሎት ታጥኖ፣ ዮጋ ሠርቶ «አዲስ ሰው ሆንኩ» እያለ ተመለሰ። አዲሱ ሰው እስከ ሰኞ የሥራ መግቢያ ሰዓት ቆየልን። ልዩነታችን እሱ ብዙ መክፈሉ ነው።

ነሐሴ 16 ጾም ሲፈታ ባለቤቴ ያቀረበችው ዶሮ ላይ ስለሆነው ነገር አላወራም። ጎረቤት ቤት ቡና ላይ የሆነውን ግን ልናገር። ሴቶቹም ወንዶቹም እንደ ወትሮው ተሰብስበው የአንዱን ተከራይ ጉዳይ ያነሡ ጀመር። ሐሜት አልሰማም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁና ገና ከአቦሉ ስኒዬን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። ወጥቼ በሩን ስዘጋ የተከራዩ ጉዳይ ቀረና የኔ ተጀመረ። «ምን ሆኖ ነው? ከገዳም ሲመጣ ሰው ናቀ እንዴ?» ማታ ባለቤቴ፣ «እዚያ ባሕታዊ ነበርክ፤ እዚህ ባል ነህ። ሰው ቤት ቡና ሲጠሩህ እስከ በረካው ትቀመጣለህ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሁሉም የሳሳሁለት የሌሊቱ ጸሎት ነበር። ሌሎቹ ቢቀሩ እንኳን እሱን አልለቅም ብዬ ስልኬን 9 ሰዓት ሌሊት ላይ ሞላሁት። ስልክ ግን ደወል አይደለም። ደወሉን ማንም ተኝቶ ሊያጠፋው አይችልም፤ ስልኩን ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ታጠፋዋለች። ተሟግተን ተሟግተን በመጨረሻ ስልኩ ኩሽና እንዲያድር ተስማማን።

በመጀመሪያው ሌሊት ኩሽና ገብቼ ስልኬን ሳጠፋ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧው ያጉረመርማል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተፋና ውኃ መጣ! የአዲስ አበባ ሰው ይህን ነገር ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት አይቻልም። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። አሁን ልጸልይ ወይስ ጀሪካን ልደቅን? አንደኛውን ከሌላው ጋር አገጣጠምኩት፤ «አቡነ ዘበሰማያት» እያልኩ ቢጫዋን ጀሪካን ሞላሁ። በርሜሉ ሲሞላ ገና መዝሙረ ዳዊቴን አልገለጥኩም ነበር።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ የሞላውን በርሜል አየች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ግቢው ሁሉ ሰማ። ማታ በሬ ላይ አንዲት ጀሪካን አገኘሁ፤ በማግስቱ ተደርድረው ጠበቁኝ። ባለቤቶቻቸው እንዳይምታቱ አንዱ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፣ አንዱ ክዳኑ በፌስታል ተጠቅልሏል። የግቢያችን እማማ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ሳፋቸውን ሳይቀር ልከዋል። «አንተ መቼም ለጸሎት ትነሣለህ ልጄ፤ ለኔ ብለህ አትነሣም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ምን ልበል?

እያጉረመረምኩም ቢሆን ግን ያኔ አንድም ሌሊት አልቀረብኝም። አንዱ እስኪሞላ አንድ መዝሙር ይደገማል፤ ትልቁ ሮቶ ደግሞ ረጅም ምዕራፍ ይጨርሳል። ውኃው ሞልቶ እንዳይፈስ ዓይኔ ተከፍቶ ያድራል። ገዳም ውስጥ ባዛውንቱ ሳል ነበር የምነቃው፤ እዚህ በቀይ ክር የታሰረው ጀሪካን አላስተኛ አለኝ።

ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ሆነ። የዚያን ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ሕፃናት ራቁታቸውን ይቦርቁበታል፤ እናቶችም ዕቃ ይደቅኑለታል። ዘነበ ልበላችሁ! ጣሪያው ሥር ያለው ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት፣ በርሜል ሁሉ ሞልቶ ፈሰሰ። ማታ በሬ ላይ አንድም ጀሪካን አልነበረም። ስልኩ ጮኋል አሉ፤ እኔ አልሰማሁም። ስነቃ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነበረች፤ ባለቤቴም ቁርስ አቅርባ «እንኳን ደህና መጣህ» አለችኝ። በማግስቱም በርሜሎቹ ገና አልጎደሉም ነበርና ያው ተኛሁ።

መስከረም ገብቶ ዝናቡ ሲቆም ጀሪካኖቹ ተመለሱ፤ እኔም ተመለስኩ። ሰሞኑን ግን ሌላ ወሬ መጥቷል። በሰፈራችን አዲስ መስመር ሊዘረጋ ነው፣ ውኃ ቀን ከሌት ሊወርድ ነው ይላሉ። ግቢው ውስጥ እልል ተብሏል። ደስ ማለትስ እኔንም ደስ ብሎኛል። ብቻ ትናንት ማታ እማማን ለብቻቸው ጠራኋቸውና፣ «መስመሩ ቢመጣም ባይመጣም፣ እባክዎን በ9 ሰዓት ሌሊት በሬን ይቆርቁሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

ሻሻቸውን አስተካክለው ትክ ብለው አዩኝ።

«ውኃ ካለ ለምን ብዬ ልጄ?» አሉኝ።